የግሼው ጌታነህ

በእኛ አገር በር ለማስከፈት አንድ ቃል ይበቃል። ደጅ ትደርሱና «ቤቶች!» ትላላችሁ። ከውስጥ «ማነው?» ይሏችኋል። «እኔ ነኝ» ትላላችሁ። ይከፈታል። እስቲ አሁን «እኔ ነኝ» ምን የሚሉት መልስ ነው? በዚህ ዓለም ላይ «እኔ» ያልሆነ ማን አለ? ግን ከድምፃችሁ፣ ከአሳሳላችሁ፣ ውሻው ዝም ከማለቱ ያውቋችኋል። «ስምንት ፊደል አልሞላህም»፣ «ቁጥር ጨምርበት»፣ «ባለፈው የተናገርከውን ቃል መድገም አይቻልም» የሚል ባለቤት መንዝ ውስጥ አልተወለደም። እንዲህ ያለ ያማረ አሠራር ይዘን ሳለ ማን ነው ተነሥቶ በርን የሚያህል ነገር ያበላሸው? በዚህ ነገር ከተናደድኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ንዴቱ ግን ልክ እንደ ትናንት ነው። ልንገራችሁና እናንተም ተናደዱ፤ ብቻዬን መናደድ ሰልችቶኛል።

ስሜ ጌታነህ ነው። አንድ ብቻ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለሚያከራክር ነው። ሞላሌ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት የማኅደር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔና መደርደሪያዎቹ ነን። በዚያ ክፍል ስኖር አንድ ሕግ ብቻ ነበረኝ፦ አንድ ሰው፣ አንድ ማኅደር። አንድ ሠራተኛ በሁለት ማኅደር ተመዝግቦ ከተገኘ ምሳ አይበላልኝም። አለቃ ሲቀየር፣ ጠረጴዛ ሲቀየር፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ራሱ ሦስት ጊዜ ሲቀየር ይህ ሕግ አልተቀየረም። እግዜር የሚቀጣው ሰው በሚመካበት ነገር ነው መሰለኝ።

ዘመኑ የስብሰባ ዘመን ነበር፤ «ያልተማከለ» የሚል ቃል ሳይነሣበት የሚበተን ስብሰባ አልነበረም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ አስካለ ለእረፍት መጥታ «ጋሼ፣ አንድ ያልተማከለ ማኅበራዊ መረብ አለ፤ ላስመዝግብዎት» ስትለኝ፣ ከወረዳ የወረደ መመሪያ መስሎኝ ሳልከራከር እሺ አልኩ። አስካለ መርሐቤቴ ውስጥ፣ ዓለም ከተማ ነርስ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባትም እናትም የሆንኳት እኔ ነኝ።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። መረቡ ጌታ የለውም። እንደ ትልልቆቹ አንድ ሀብታም አዳራሽ ሠርቶ ሰውን ሁሉ እዚያ አላጎረም። በየቦታው ያሉ የአገር ልጆች የየራሳቸውን ሰርቨር አቁመዋል፤ ሰርቨሩን «ቤት» ይሉታል። የመንዝ ልጆች የመንዝ ቤት አላቸው፣ የመርሐቤቴ ልጆች የመርሐቤቴ ቤት፣ የግሼ ልጆች የግሼ ቤት። አዲስ አበባ ያሉት የራሳቸው አላቸው፤ መምህራንም የራሳቸው። አንዱ ቤት ያለ ሰው ሌላው ቤት ካለ ሰው ጋር እንደ ልቡ ያወራል። አልዋሽም፣ ስሰማው ደስ አለኝ። ይኼማ እንደ መንደር ነው አልኳት። መንደር በሆነልኝ! አስካለ የመንዝ ቤት አስመዘገበችኝ፤ የይለፍ ቃሌን በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ሳጥን ክዳን ውስጥ ጻፍኩ፤ እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጣጣው የመጣው አስካለ ደረጀን ልታገባ ስትል ነው። ደረጀ የመርሐቤቴ ልጅ፣ የመስኖ ባለሙያ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጥ ጨዋ ነው። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። በየካቲት ደረጀ ለሥራ ወደ ጋምቤላ ይዘዋወራል። ከጥር በኋላ ደግሞ ነነዌ ይገባል፣ ሁዳዴ ይከተላል፤ ማንም አይሞሸርም። ጥር ካመለጠች ልጁ ሙሽሪትን ትቶ መሄዱ ነው፤ ጋምቤላ ደግሞ ጎረቤት አይደለም። ታዲያ እኛ ዘንድ ከሠርግ በፊት ትውልድ ይቆጠራል። የሁለቱም ሐረግ እስከ ሰባት ተቆጥሮ አንድ ቦታ ከተገናኘ ጋብቻው ቀረ፤ ቄሱም አይባርክ፣ ዘመዱም አይቀርብ። ድሮ ሁለቱ ወገኖች አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ከጠዋት እስከ ምሳ ይጨርሱት ነበር። አሁን ዘመዱ ሁሉ ተበትኗል። የደረጀ አጎት አቶ ይርጋ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ «ቆጠራውን መረቡ ላይ እናድርገው፤ የትም ያለ ዘመድ አይቶ ይመስክር» አሉ። እሳቸው የመርሐቤቴ ቤት ናቸው። የእኛን ወገን የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ ከአባቴ የወረስኩት ደብተር አለኝ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አቶ ይርጋ የደረጀን ሐረግ አወጡ፤ አስካለም ሊንኩን ላከችልኝ። ስጫነው ተከፈተ፤ አነበብኩ። ጥሩ አቆጣጠር ነው፣ የመምህር እጅ ያስታውቃል። አምስተኛው ትውልድ ላይ ስደርስ ግን ወለተ ማርያም የሚባሉ ሴት አገኘሁ። ደብተሬን ብገልጥ፣ በእኛም በኩል እዚያው ግድም አንዲት ወለተ ማርያም አሉ። በመንዝና በመርሐቤቴ ስንት ወለተ ማርያም እንዳለች አውቃለሁ፤ ድንጋይ ቢወረወር አንዷን ሳይመታ አይወድቅም። ቢሆንም ቆጣሪ መጠየቅ አለበት። ጥያቄዬ አንድ መስመር ናት፦ «አምስተኛዋ ወለተ ማርያም የማን ልጅ ናቸው? ይህ ሳይጣራ እሺ አልልም።» ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኳት በማኅደር ቤት ልማድ ነው። ምነው እጄን በቆረጠው!

የአቶ ይርጋን ስም ከነቤታቸው ጠርቼ ከራሴ ከመንዝ ቤት ጻፍኩላቸው። ከዚያ ደርሶ እንደሆነ ለማየት የአስካለን ሊንክ እንደገና ተጫንኩ። ጥያቄዬ የለችም። ከሐረጉ ግርጌ «መልስ ይስጡ» የሚል አየሁና እሱን ነካሁ። «መልስ ለመስጠት መጀመሪያ ይግቡ» አለኝ። እሺ፣ እንግባ። ክዳኑን አይቼ ስሜንና የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። «እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም» አለኝ። እስቲ ፍረዱኝ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ቁጭ ብዬ የጻፍኩበት መረብ! ቀስ ብዬ ፊደል በፊደል ደገምኩት። አናውቅም። ዝቅ ብሎ «ቤትዎ ሌላ ከሆነ የቤትዎን አድራሻ ያስገቡ» የሚል አለ። አገኘሁት ብዬ «ሞላሌ፣ ከጤና ጣቢያው ከፍ ብሎ፣ የባሕር ዛፉ አጥር» ብዬ ጻፍኩ። «አድራሻው ስሕተት ነው» አለኝ። ልጆቼን ያሳደግኩበት ቤት ስሕተት ነው ተባልኩ። ከዚያ በታች አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ «አዲስ አባል ከሆኑ ይመዝገቡ።»

እዚህ ላይ የመንዝ ሰው ባልሆን ኖሮ እተርፍ ነበር። ሌላ ሰው «እኔ ቤት አለኝ» ብሎ ይመለሳል። እኛ ግን ርስት በአባትም በእናትም የሚቆጠርበት አገር ነው ያደግነው። አንድ ሰው በአባቱ እናት በኩል እዚያ፣ በእናቱ አባት በኩል እዚህ፣ ሐረጉ በደረሰበት ሁሉ ድርሻ አለው። ቤትህ የት ነው ሲባል አንድ ብቻ የሚጠራ ሰው ያሳዝነናል። የእናቴ አያት መርሐቤቴ ናቸው፤ ታዲያ የመርሐቤቴ ቤት ብመዘገብ ማንን ነካሁ? «ለምን መግባት ይፈልጋሉ?» ሲለኝ እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥሬ ጻፍኩለት። «ማመልከቻዎ እየታየ ነው» አለኝ። መሥሪያ ቤት እንጂ ቤት አይመስልም።

ሳምንት አለፈ። አስካለ ደወለች፤ ሰዎቹ የእኛን ቃል እየጠበቁ ነው፣ ምነው ዝም አሉ፣ አለችኝ። ባለቤቴ ለጠላው ብቅል አብቅላ ጨርሳለች። ሊንኩ አይሠራም ብላት ሌላ ላከችልኝ። እሱን ብጫነው የሚከፈተው የግሼ ቤት ነው፤ እዚያ ያለ አንድ ዘመድ አጋርቶት ኖሯል። እዚያም አያውቁኝም። የአባቴ እናት ግሼ ናቸው፤ ተመዘገብኩ፤ የግሼ ሰው ቸር ነው፣ ወዲያው አስገቡኝ። ጥያቄዬን ጻፍኩ። ተመልሼ በመጀመሪያው ሊንክ ባይ የለችም። ሌላ ዘመድ የላከው ሊንክ አዲስ አበባ ካሉት ቤት ወሰደኝ፤ እዚያም ወንድሜ ስላለ ተመዘገብኩና ጻፍኩ። ሌላው የመምህራን ቤት ጣለኝ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሦስት ወር ያስተማርኩ ሰው ነኝና በዚያ መብት ገባሁ፤ ጻፍኩ። በመጨረሻ የመርሐቤቴ ቤት «ማመልከቻዎ ተቀባይነት አግኝቷል» አለኝ፤ እዚያም ጻፍኩ። የትኛው እንደሚደርስ በምን አውቄ? በዚያ ዘመን ሕዝቡ አንድ ለአምስት ተደራጅ ይባል ነበር፤ እኔ አምስቱንም ብቻዬን ሆኜ ተደራጀሁ።

የገና ማግስት አስካለ ደወለች። እያለቀሰች ነው። ሠርጉ ይቆይ ተብሏል አለችኝ። ለምን ብላት፣ አምስት ሰው ተቃውሟል አለች። ማን ማን ብላት መቁጠር ጀመረች፦ የመንዙ ጌታነህ፣ የግሼው ጌታነህ፣ የአዲስ አበባው ጌታነህ፣ መምህር ጌታነህ። ለካ በዚያ መረብ ላይ የሰው ስም ሲወጣ ቤቱ ከኋላው ተለጥፎ ነው የሚወጣው። አቶ ይርጋ ደግሞ እንደማንኛውም ያገራችን ሰው አነበቡት፤ የግሼው ጌታነህ ከተባለ ግሼ ያለ ጌታነህ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? አራቱንስ እንችላቸው ነበር ብለዋል፤ የራሳችን ሰው የመርሐቤቴው ጌታነህ ጭምር «ሳይጣራ እሺ አልልም» ካለማ፣ በአምስት አገር ያሉ አምስት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ቃል ከተናገሩ፣ ነገር ቢኖር ነው።

እኔ ነኝ አልኳት። «አምስቱም፣ ጋሼ?» አለችኝ። አምስቱም አልኳት። የማኅደር ክፍል ኃላፊው፣ አንድ ሰው አንድ ማኅደር ባዩ፣ በአምስት ማኅደር ተገኘሁ።

በስልክ የሚያልቅ ነገር አልሆነም። ደብተሬንና የሳጥኑን ክዳን ይዤ ተነሣሁ። ደብረ ብርሃን አድሬ፣ በማግስቱ የጀማን ሸለቆ ወርጄ ስወጣ በርኖሴን በክንዴ አንጠልጥዬ፣ ላብ በላብ ሆኜ ዓለም ከተማ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ አቶ ይርጋ ግቢ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ቆሜ ተናገርኩ። አምስቱም እኔ ነኝ፣ ተቃውሞም አይደለም፣ አንዲት ጥያቄ ናት፣ አምስት ቦታ የጠየቅኳት በሩ አልከፈት ስላለኝ ነው አልኩ። አቶ ይርጋ በአዘኔታ አዩኝ። ስለ እህትህ ልጅ ብለህ የሰዎቹን ሁሉ ጥፋት በራስህ መውሰድህ ደግ ነው፣ ግን የመርሐቤቴው ጌታነህ ቃሉን በገዛ አንደበቱ አንሥቷል፤ እዚያ ተቀምጧል አሉኝ።

ዞር ብል በርግጥም ተቀምጧል። ወደ ጀማ ወረድ ብሎ ቀፎ የሚሰቅል፣ ጌታነህ የሚባል ሰው ፈልገው አግኝተዋል። ሰውየው ከመደወል በቀር ስልክ ለምን እንደሚሆን አያውቅም። መጀመሪያ ምን እንደሚሉት አልገባኝም ብሎ ነበር። ግን ሦስት ሽማግሌ ደጁ ቆመው «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ተቃውሞህን አንሣልን» ሲሉት፣ በሕይወቱ እንዲህ ተለምኖ አያውቅምና፣ ላስብበት አለ። ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን «ስለ እናንተ ስል ትቼዋለሁ» አላቸው። አሁን ከክቡራኑ ጋር ተቀምጦ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ለእኔ ያልተከፈተልኝን በር እሱ ሳያንኳኳ ገብቶበታል። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል?

ወጣ ብዬ አስካለን አገኘኋትና እየተንጨረጨርኩ ስልኬን ሰጠኋት። መጀመሪያ የመንዝ ቤቴን ከፈተች። የአቶ ይርጋ መልስ እዚያ ተቀምጧል። ገና በመጀመሪያው ቀን መልሰውልኛል፦ «የእኛዋ ወለተ ማርያም የግራዝማች ሰይፉ ልጅ ናቸው።» ደብተሬ ላይ ያሉት የቄስ ተድላ ልጅ ናቸው። አይገናኙም። ሰው ደጅ ቆሜ የከረምኩለት መልስ ወር ሙሉ የራሴ ቤት ተኝቶ ነበር። የሌላ ቤት ሊንክ ሲላክልዎት እኮ አለች አስካለ ቀስ ብላ፣ ሊንኩን ይቀዱትና የራስዎ ቤት መፈለጊያው ላይ ይለጥፉታል፣ እዚያው ይከፈትልዎታል፣ እዚያው ይመልሳሉ። ይህን ማን ነገረኝ? የት ላይ ተጻፈ? ሰው ደጅ ቆሜ በዓይኔ እያየሁት ያለውን ነገር፣ ቤቴ ተመልሼ ጓዳዬ ውስጥ እንድፈልገው በየትኛው ልቤ ይመጣልኛል? ይህን ያወጣ ሰው አንድ ቀን እንግዳ ሆኖ አያውቅም።

ጥያቄዬን ከየቤቱ ማንሣት ጀመርን። የመንዙ፣ የአዲስ አበባው፣ የመምህራኑ ተነሣ። የመርሐቤቴውም ተነሣ፤ እሱን ሲያዩ ሽማግሌዎቹ ባለቀፎውን መረቁት። የቀረው የግሼው ነው። የግሼውን ስመዘገብ ወዲያው ስላስገቡኝ የይለፍ ቃሉን ክዳኑ ላይ ሳልጽፍ በልቤ እይዘዋለሁ ብዬ ነበር። አልያዝኩትም። አስካለ ለግሼ ቤት ጠባቂ ጻፈችለት፤ ይህ ሰው አጎቴ ነው፣ ቃሉን አጥፋለት ብላ። መልሱ በማግስቱ መጣ፦ «ባለቤቱ ራሱ ይግባና ይጠይቅ።» ይግባ! መግባት የቻለ ሰው መቼ አንተን ለመነ?

በዚህ መሐል ጥር ገባ። ሽማግሌዎቹ ወደ ግሼ ደውለው ጌታነህ የሚባል አጠያየቁ፤ አንዱ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ሌላው ስለ ነገሩ አልሰማሁም ብሏል፣ ዋናው አልተገኘም። ከዚያ የጥንቱ ደንብ ታሰበ። ተቃዋሚ በአደባባይ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልቀረበ ቃሉ ይወድቃል። እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይጠራ ተባለ። እኔ ግን ተነሥቼ እናገራለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። አስካለ ነጠላዬን ያዘች። «ጋሼ፣ አለሁ ካሉ ተቃዋሚው ቀረበ ማለት ነው» አለችኝ። «ነገሩ ከመጀመሪያው ይታያል፣ ግሼ ሰው ይላካል፣ ጥር ያልቃል። እባክዎን አንድ ጊዜ እንኳ ዝም ይበሉልኝ።»

ሕዝቡ ተሰበሰበ። አቶ ይርጋ ደረጃው ላይ ወጡና በዚያ የመምህር ድምፃቸው «የግሼው ጌታነህ! ተቃውሞ አለኝ ያልከው! ካለህ ውጣ!» አሉ። ወር ሙሉ በአራት ደጅ ቆሜ እኔ ነኝ ስል አናውቅህም ተብያለሁ። አሁን ገና የሚያውቀኝ ተገኝቶ በስሜ፣ በሰው ፊት ሲጠራኝ አፌን መዝጋት አለብኝ። ሁለተኛ ጠሩ። የማኅደር ቤት ሰው ስሙ ተጠርቶ አቤት ሳይል ሲቀር ምን እንደሚያህል ሥቃይ አታውቁትም። ሦስተኛ ሲጠሩ ባለቀፎው ጌታነህ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ነገሩ የገባው እሱ ሳይሆን አይቀርም። መሬት መሬት አየሁ። ቄሱም አልቀረበም፣ ቃሉ ወድቋል፣ ልጆቹ ይጋቡ አሉ። አስካለ ነጠላዬን የለቀቀችው ያኔ ነው።

ሠርጉ በጥር መጨረሻ ሞላሌ ተደገሰ፤ አማረ። ባለቀፎው ማር ይዞ መጥቶ ከክቡራኑ ጎን ተቀመጠ። አቶ ይርጋ እኔ አጠገብ ተቀምጠው እየበሉ ሳለ ጠጋ አሉኝና፣ ትናንት ማታ መረቡን ከፍተው እንዳዩት፣ የግሼው ሰውዬ ቃል እስካሁን እንዳልተነሣች፣ ሰው ሁሉ ይቅር ሲል እሱ ብቻ ንቅንቅ እንዳላለ ነገሩኝ። «የምን ልበ ደረቅ ሰው ነው?» አሉ።

«ይተዉት» አልኳቸው። «አውቀዋለሁ፤ ድሮም እንዲህ ነው።»